ያልተነገረው የቨርሊን ጸሎት

ቨርሊን ሃድልስተን ዓርብ በመጣ ቁጥር ዶላር ትተኩሳለች። አዎ፣ በካውያ። እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ውሃ ነክራ እርጭ እርጭ ታደርግበትና ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋ ትጫነዋለች። ሌላ አገር ቢሆን ጎረቤት አብዳለች ይል ነበር። የትንሿ ከተማችን የሳሊ ፎርክ ጎረቤት ግን አይልም፤ ግማሹ ራሱ ተኩሶ ያውቃል። የወረዳው እስር ቤት መግቢያ ላይ የቆመው፣ ለእስረኛ የሚላክ ገንዘብ ተቀባይ ማሽን የተጨማደደ ኖት አይወድም። ጫፏ የታጠፈ አምስት ዶላር ከሰጣችሁት፣ ምላሱን እንደሚያወጣ ባለጌ ልጅ መልሶ ይተፋላችኋል። ደግማችሁ ብትሰጡት ደግሞ ይተፋል። ይሄኔ ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን መጠራረግ ይጀምራል።

ቨርሊን ዕድሜዋን የጨረሰችው በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ነዳጅ ማደያው ደጅ ጠረጴዛ ዘርግታ የፖም ኬክ ትሸጣለች፤ የሚተኮሰው ዶላር ከዚያ ነው የሚመጣው። ግማሹ ሳሊ ፎርክ ያደገው በእሷ ለስላሳ ዳቦና በእሷ የቋሊማ መረቅ ነው። የሸሪፉ ረዳቶች ከእሷ እጅ በልተዋል፤ ረዳቶቹ የሚያስሯቸውም ከእሷው እጅ በልተዋል። ዳቦዋ ይለስልስ እንጂ ምላሷ አይለሰልስም። «ሳህንህን ሳትጨርስ ብትነሳ ለእናትህ ነው የምደውለው!» ስትል ያልሰማ ልጅ በከተማው የለም። ዛሬ ጺም አብቅለው ልጅ ያቀፉት ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሲያገኟት ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

የምትተኩሰው ለኮልቢ ነው። ኮልቢ የታናሽ እህቷ የሮንዳ ልጅ ነው። ሮንዳን ክኒን ሲገድላት ልጁ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። ቨርሊን የራሷ ልጅ የላትምና አምጥታ አሳደገችው። አድጎ ጎበዝ ጣራ ሠሪ ወጣው። ከዚያ አንድ ቀን ከጣራ ወደቀ፣ ወገቡ ተጎዳ፣ ሐኪም ክኒን ሰጠው፤ ሐኪሙ ሲያቆም መንገድ ዳር የሚሸጡት ቀጠሉለት። እናቱ በሄደችበት ልጁም እግሩን አነሳ። በረዶው ሳይቀልጥ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ ሲፈትሽ ኪሱ ውስጥ ክኒን ተገኘ፤ ያሳለፈው የፍርድ ቤት ቀጠሮም ነበረበት። ወሰዱት። አሁን ተራራው ሁሉ ለምልሞ አብቧል፤ ኮልቢ አሁንም እስር ቤት ነው።

ለቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ግን «በመኪና ሰሌዳና በቅጣት ጣጣ» ብላ ነው የነገረቻቸው። ክኒን የሚለው ቃል ከሮንዳ ቀብር ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ማሽኑ ያስደነገጣት ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር። ሃያ ዶላር አስገባች፤ ማሽኑ «የአገልግሎት» ብሎ ሦስት ዶላር ተኩል ዋጠ።

«ምን አገለገለኝ?» አለች ጮክ ብላ። «የተኮስኩት እኔ፣ ቆሜ ያስገባሁት እኔ!» በመዳፏ ጠፍ አደረገችው።

ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ጆሊን ናት። ጆሊን በልጅነቷ ምሳዋን ግማሹን በልታ ግማሹን ለውሻዋ በኪሷ ትደብቅ ነበር፤ ቨርሊንም እያየች እንዳላየች ታልፋት ነበር።

«ሚስ ቨርሊን፣ እባክዎ ማሽኑን አይምቱብኝ። ካሜራ አለው።»

«ካለው ይየኛ! በደንብ ይየኝ!»

ሳምንት ሳይሞላ የባሰ መጣ። ኮልቢ ደወለና ከላከችለት ገንዘብ ግማሹን እስር ቤቱ እንደወሰደው ነገራት። ዓምና ታስሮ ሳለ ለተኛበት አልጋ ያልከፈለው ዕዳ አለበት ተብሎ ነው።

«ለምኑ? ለታሰርክበት አልጋ?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ሆቴል ነው እንዴ?»

«ሆቴልማ ቢሆን ቁርሱ እንዲህ አይሆንም ነበር።»

ቨርሊን ስልኩን ከዘጋች በኋላ እዚያው ቆማ ቀረች። ሰውን ጎትቶ አስሮ ለአልጋው ማስከፈል! በስልሳ ምናምን ዓመቷ ብዙ ጉድ ሰምታለች፤ ይሄን ግን የት አባቷ ታስቀምጠው? ከዚያ ቢላዋዋን አነሳችና ፖም መላጥ ጀመረች። ኮልቢ በሚተርፈው ገንዘብ ኑድልስና የጥርስ ሳሙና ይገዛል፤ ካልገዛ እራቱ ቁራሽ ዳቦና የቀዘቀዘ ባቄላ ነው። ባቄላው ጨው የለውም ብሏታል። የእሷ ልጅ ጨው የሌለው ባቄላ መብላቱ ከእስሩ እኩል ነው ያንገበገባት።

እንዲህ እያለች በረዶው ቀልጦ ጸደይ ገባ። አንድ ዓርብ የተተኮሰ ዶላሯን በፖስታ ይዛ እስር ቤቱ ስትደርስ፣ የድንጋይ ከሰል አቧራ ቆዳው ውስጥ የቀረ አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ለጆሊን ገንዘብ ሰጣት፣ አንድ ወረቀት ላይ ፈረመ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ። ቨርሊን ከማሽኑ ጋር ገና እየተሟገተች ሳለ የውስጡ በር ተከፈተና አንድ ጎረምሳ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወጣ። ሽማግሌው በባርኔጣው አንድ ጊዜ ጭንቅላቱን መታው፤ ከዚያ አቅፎት ወጡ።

ቨርሊን አፏን ከፍታ አየቻቸው። «ምን አድርጎ ነው ያስወጣው?»

«ዋስ ከፍሎ ነዋ» አለች ጆሊን። «ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«እንዲህ በእጁ? እዚህ መስኮት ላይ?»

«የትም መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ነው የሚከፈለው።»

ቨርሊን ሳቅ አለች። «እንግዲያ የእኔው ስንት ይሆን? ከተማውን በሙሉ ብንሸጠውም አይበቃ።»

ጆሊን ኮምፒውተሯን ነካካች። «ኮልቢ... አምስት መቶ።»

«አምስት መቶ ሺህ?»

«አምስት መቶ ዶላር፣ ሚስ ቨርሊን።»

ቨርሊን ክው አለች። የያዘችው ፖስታ ከእጇ ወድቆ የተተኮሱት ዶላሮች ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ጎንበስ ብላ ለማንሳት እንኳ ወገቧ አልታዘዝ አላት። አምስት መቶ! ይሄ ሆዳም ማሽን እኮ ከዚያ የበለጠ በልቷታል። አጠገቡ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ልጁን ሊያስወጣ የሚችል መስኮት ነበር፤ እሷ ደግሞ ዓርብ በመጣ ቁጥር ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ለማሽኑ ስታጎርስ ከርማለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚያውቁ መስሎኝ እኮ ነው።» ጆሊን ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሱም ያውቃል፤ ዳኛዋ ፊት በቀረበ በማግስቱ ነው የተነገረው። እኔማ... አቅም ባይኖራቸው ነው፣ እንዳላሳፍራቸው ብዬ...»

ለምን እንዳልጠየቀች ቨርሊን ራሷ ታውቃለች። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ታስሮ አባቷ የእርሻ መሬታቸውን ዋስ አስያዘ። ወንድሟ ወጥቶ ጠፋ፤ መሬቱም በዚያው ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዋስ የሚባል ቃል በሃድልስተን ቤት ገበታ ላይ ቀርቦ አያውቅም። ዋስ ማለት ለእሷ መሬት ነው፣ ቤት ነው፣ አባቷ ቀሪ ዕድሜውን አጎንብሶ የሄደበት ነገር ነው። በኪስ ገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።

እና ኮልቢ ያውቅ ነበር? ይሄ ነው ከሁሉም የከነከናት።

የዚያን ቀን የመጠየቂያ ሰዓት ነበራት። መጠየቂያ ሲባል ፊት ለፊት መተያየት እንዳይመስላችሁ። ልጁ ከግድግዳው ማዶ እያለ በእሷ በኩል ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ስክሪን ነው የምታየው፤ በገመድ የታሰረ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ። ስክሪኑ ብልጭ አለና የኮልቢ ፊት መጣ። ፊቱ ሞላ ብሏል። ጉንጩ ላይ ቀለም አለ። ቨርሊን ይህን አይታ መደሰት ነበረባት፤ የዚያን ቀን ግን ልብ አላለችውም።

«አምስት መቶ ዶላር!» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጠው።

ኮልቢ አመድ መሰለ። «ከፈልሽ እንዴ?»

«ገና ነው። ሰኞ ባንክ ገብቼ...»

«አትክፈይ!»

«ምን?»

«አክስቴ፣ በፈጠረሽ አትክፈይ።» ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። «አውቄ ነው ያልነገርኩሽ። ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። አንቺ ዋስ የሚባል ነገር እንደማትጠይቂ ስለማውቅ ዝም አልኩ።»

ቨርሊን ጆሮዋን ማመን አቃታት። «እኔ እዚያ ፖም ስልጥ እጄ እስኪላጥ... አንተ እዚህ ተቀምጠህ...»

«ብትሰድቢኝም ስደቢኝ። ግን ስሚኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እዚህ ወለል ላይ ተንከባለልኩ፣ አስታወከኝ፣ ሞትኩ ብዬ ነበር። አልሞትኩም። አሁን እተኛለሁ፣ እበላለሁ። ዳኛዋ በወሩ መጨረሻ ስቀርብ በቀጥታ ወደ ሱስ ማገገሚያ ልትልከኝ ተስማምታለች፤ አልጋ የሚለቀቀው ያኔ ነው። ከዚህ በር በሸሪፉ መኪና ወጥቼ እዚያ በር ላይ እወርዳለሁ። በመሃሉ አንድ ቀን ሳሊ ፎርክ ውስጥ ካደርኩ ግን እዚያ አልደርስም። አውቀዋለሁ። እግሬ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል።»

«ቤት ውስጥ እጠብቅሃለሁ። ከዓይኔ አትጠፋም።»

«ባለፈውም ጠብቀሽኝ ነበር።»

ባለፈው በእርግጥ ጠብቃው ነበር። ለደቂቃ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲዘገይባት፣ በሩን በመጥበሻ ሰብራ ስትገባ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነው ያገኘችው። ክኒን የበዛበትን ሰው የሚያነቃውን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋውን መድኃኒት ነፋችለት፤ አልነቃም፤ ሁለተኛውን ነፋችለት። ሦስተኛ አልነበራትም። አሁን ጤነኛ ፊቱን ስክሪኑ ላይ እያየች ያ ሰማያዊ ከንፈር ድቅን አለባት።

«ለሰው ብነግርስ?» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ወርዶ። «ለጆሊን እናት፣ ለኦፓል እንኳ?»

«ለማንም። እናቴ ላይ ያወሩትን እኔ ላይ እንዲያወሩ አልፈልግም። እባክሽ።»

ስክሪኑ ጊዜው ሲያልቅ ቻው እንኳ ሳያስብል ጠፋ። ቨርሊን ተነሳች፣ ጆሊን ለቃቅማ ያኖረችላትን ዶላር ተቀበለች፣ ወደ ማሽኑ ሄዳ አንድ በአንድ አስገባችው። ማሽኑ ሦስት ዶላር ተኩሉን ሲቆርጥ ምንም አላለችም። ጆሊን ከመስታወቱ ኋላ በድንጋጤ አየቻት፤ ያቺ ምላሰኛ ሴት አንዲት ቃል ሳትናገር ስትወጣ አይታ አታውቅም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከስብከት በፊት ፓስተሩ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብሎ ይጠይቃል። እጅ የሚያወጣው ያወጣል፤ አንዱ ስለ ልቡ፣ አንዱ ስለ ላሙ፣ አንዱ ስለ ምራቱ ይናገራል። ሊናገረው የማይችለው ነገር ያለበት ደግሞ እጁን ያነሳና «ያልተነገረ» ብቻ ይላል። ማንም ምንድነው ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ለዚያ ለማይታወቀው ነገር ሁሉም ይጸልያል።

ቨርሊን በሕይወቷ ያንን ቃል ተጠቅማ አታውቅም። ጉልበቷን ሲያማት ጉልበቴን ትላለች፤ የጎረቤቷ ዶሮ ሲያስቸግራት ስለ ዶሮው ታስጸልያለች። የዚያን እሑድ ግን እጇን አነሳች።

«እህት ቨርሊን?» አለ ፓስተሩ።

«ያልተነገረ።»

ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ከሁለት ወንበር ፊት የተቀመጠችው ኦፓል፣ የጆሊን እናት፣ ዞር አላለችም። ጭንቅላቷን ብቻ ቀስ አድርጋ ነቀነቀች፣ ነገሩ የገባው ሰው እንደሚነቀንቀው።

በሚቀጥለው ዓርብ ቨርሊን እንደ ልማዷ ተኩሳ፣ በፖስታ አድርጋ፣ ማሽኑ ፊት ቆመች። የኮልቢን ስም ስትነካካ ማሽኑ አላውቀውም አላት። ደገመች። እንደዚህ የሚባል እስረኛ የለም። ቨርሊን ራሷን ወቀሰች፤ መነጽሬን ብላ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ፊደል በፊደል እየቆጠረች እንደገና አስገባች። የለም።

መስኮቱ ጋ ጆሊን አልነበረችም፤ የማታውቀው አንድ ወፍራም ጠባቂ ሳንድዊች እየበላ ነበር።

«ኮልቢ...» አለች፤ የአባቱን ስም ሳትጨምር ጠባቂው ቀደማት።

«ወጥቷል።»

«ወዴት ወጥቷል?»

«ወደ ቤቱ ነዋ። ጠዋት ዋስ ተከፍሎለት።»

«ማን? ማን ነው የከፈለው?»

«ማን ብዬ ልንገርዎ? ሴት ናት ብቻ።» ጠባቂው አፉን ጠረገ። «ምነው፣ ደስ አይልዎትም?»

ቨርሊን መኪናዋን እንዴት እንዳስነሳች አታውቅም። ሴት። አእምሮዋ ላይ የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ያቺ ቀይ መኪና ያላት፣ ነዳጅ ማደያው ጀርባ ቆማ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ የምትሸጠው። እንዲህ ያሉት ደንበኛቸውን ማስፈታት ያውቁበታል። አምስት መቶ ዶላር ለእነሱ ምናቸው ነው፤ በወር ይመልሱታል። ማደያው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀንሳ ወደ ጀርባው ተመለከተች። ቀዩ መኪና የለም። አለመኖሩ ከመኖሩ ይበልጥ አስፈራት። እየነዳች ጮክ ብላ ታወራለች፦ «መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ በስተግራ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር። በስተግራ። ከማንኪያዎቹ ሥር።»

ኩርባውን ስትዞር ቤቷ ታየ። ደጇ ላይ መኪና ተደርድሯል። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ሣሩ ላይ ሳይቀር። ሴቶች በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ።

በእኛ አገር እንዲህ መኪና ሲደረደርና ሴቶች በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ሲገቡ፣ በዚያ ቤት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሮንዳ የሞተች ቀን ቨርሊን ይህንኑ ኩርባ ዞራ ይህንኑ ነበር ያየችው።

መኪናዋ መንገዱ መሃል ቆመ። በሩን ከፍታ ወረደችና እሱኑ ተደግፋ ቆመች። «በስተግራ» አለች በሹክሹክታ፣ ለማንም ሳይሆን።

«መጣች! መጣች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። በረንዳው ላይ የቆሙት ሴቶች በሙሉ ያጨበጭባሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዷ መሐረብ ታውለበልባለች። በመካከላቸው፣ በረዶው ሳይቀልጥ ለብሶት በታሰረው ወፍራም ጃኬት፣ ኮልቢ ቆሟል። በሕይወት አለ። ቆሟል። እየሳቀ ግን አልነበረም። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በጨርቁ ላይ እስኪታይ ጨብጦ፣ እሷን ብቻ ነው የሚያየው።

ኦፓል ደረጃውን ወርዳ መጣችና አቀፈቻት። «አንቺ ትዕቢተኛ አሮጊት! አምስት መቶ ዶላር አጥተሽ ለእኛ መንገር አቃተሽ?»

«ኦፓል...»

«ምንም አትበይ! ጆሊን ነገረችኝ፤ ገንዘቡን ሰምታ ክው ብላ ሄደች፣ አንድ ቃል አልተናገረችም አለችኝ። እሑድ እጅሽን ስታነሺ ደግሞ ያልተነገረውን ሁላችንም አወቅነው። እህቴ፣ እኛ አንቺን አናውቅሽም? እያንዳንዳችን አንድ አንድ ፓውንድ አዋጣን።»

ፓውንድ ማዋጣት የእኛ ወግ ነው። አዲስ ሰባኪ ሲመጣ፣ ቤት ሲቃጠል፣ አባወራ ከሥራ ሲቀነስ፣ ሁሉም ሰው አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚሆን ነገር ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ስኳር፣ አንዱ ደረቅ ባቄላ። አሁን ደግሞ ከባቄላውና ከስኳሩ ላይ ገንዘብ ጨመሩበት። የጉልበት ሕመም ያለባት ሴት የመድኃኒቷን ገንዘብ ሰጥታለች። ባሏ የሞተባት ሴት ለመቃብር ድንጋዩ ካስቀመጠችው ገንዘብ ቀንሳ ሰጥታለች። ቨርሊን ይህን ሁሉ ስትሰማ ማንን ትቆጣ? የምትቆጣው ሰው ብታገኝ እንኳ ቀለል ባላት ነበር።

«ኦፓል፣ አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«አልሰማሽም! ማመስገን ከፈለግሽ እሱን አመስግኚ» አለች ኦፓል ወደ ሰማይ እያመለከተች። «ደግሞ የተረፈውን ስልሳ ዶላር ለልጁ በእጁ ሰጥተነዋል። ወጣት ነው፤ ባዶ ኪሱን እንዳይጀምር ብለን።»

ቨርሊን የኮልቢን የተጨበጠ እጅ አየች። አሁን ገባት።

ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ሞልቷል። የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ሦስት ዓይነት ኬክ። ፓስተሩ እጁን ዘርግቶ «ያልተነገረውን ሰምተህ የመለስክ» ብሎ አመሰገነ፤ ሁሉም አሜን አለ። ቨርሊንም አሜን አለች፤ ምን ትበል? አንዷ ለኮልቢ ሳህን ሞልታ ስትሰጠው በግራ እጁ ተቀበላት። ቀኙን ከኪሱ አላወጣም። ግንባሩ ላይ ላብ ወርዷል፤ አንዷ «ሙቀቱ ነው፣ ጃኬትህን አውልቅ እንጂ የኔ ልጅ» አለችው። አላወለቀም።

ቨርሊን ማንኪያ ፈልጋ እንደምትገባ ሆና ወጥ ቤት ገባች። ኮልቢ ተከተላት።

«እምቢ ብያቸው ነበር» አለ በሹክሹክታ። «ጠባቂው ዕቃህን ያዝ ሲለኝ አልወጣም አልኩት። ሳቀብኝ። ሆቴል መሰለህ ወይ አለኝ። ወጥቼ ሳይ ሁሉም ቆመዋል፣ አንዷ ኬክ ይዛለች፣ ያለቅሳሉ። ምን ልበላቸው?»

«ምንም ልትላቸው አትችልም ነበር።»

«ማደያው ጋ ስናልፍ ኦፓል ኮካ ልግዛልህ ብላ ቆመች። ቀይዋ መኪና ነበረች፣ አክስቴ። አየችኝ። እጇን አወዛወዘችልኝ። ኦፓል ደግሞ ጓደኛህ ናት ወይ፣ ሰላም በላት አለችኝ።»

ቨርሊን የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች።

ኮልቢ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጣቶቹ ለመዘርጋት እምቢ እያሉት አንድ በአንድ ከፈታቸው። ስልሳው ዶላር ተጨማድዶ፣ በላብ ርሶ፣ አንድ ኳስ ሆኗል። «ያዢልኝ። ቶሎ በይ። የት እንደምታስቀምጪው አላይም።» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ተቀብላ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። መሳቢያውን ከፈተች፤ በስተግራ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር፣ መድኃኒቱ አለ። እሱንም ወሰደች።

እንግዶቹ ፀሐይ ዘንበል ስትል ሄዱ። ኦፓል ከመኪናዋ መስኮት «እሑድ አብሮሽ ይመጣና ይመሰክራል!» ብላ ጮኸች። ቨርሊን በረንዳው ላይ ቆማ የመጨረሻው መኪና ኩርባውን እስኪዞር እጇን አወዛወዘች። ወሩ ሊያልቅ፣ የማገገሚያው አልጋ ሊለቀቅ ገና ነው።

ስትገባ ኮልቢ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ነበር። ሁለቱንም ሰጣት። ጃኬቱን አውልቆ ሰጣት። በመጥበሻ የሰበረችው የመታጠቢያ ቤቱ በር መሸጎሪያ ገና አልተጠገነም፤ እሱን አይቶ «ጥሩ ነው፣ እንዳይጠገን» አለ። ከዚያ ከእስር ቤት በመጣው ካልሲው በልጅነቱ ወደ ተኛበት ክፍል ገባ።

ቨርሊን የፊቱን በር ቆለፈች። የጓሮውን ቆለፈች። ቁልፎቹን ከስልሳው ዶላር ጋር አንድ ላይ አደረገቻቸው። የወጥ ቤቱን ወንበር ጎትታ ኮሪደሩ መሃል፣ በክፍሉና በፊቱ በር መካከል፣ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ጫማዎቹን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

የኮልቢ ድምፅ ከክፍሉ መጣ።

«አክስቴ፣ ቆለፍሽው?»

«ቆልፌዋለሁ።»

«እስቲ ተነሺና ሳቢው።»

ተነሳች። ሄዳ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዲሰማው አድርጋ፣ በኃይል ሳበችው።

«ድገሚው» አላት።